አንተ ወይስ አንቱ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ከስኮትላንድ ለዕረፍት የመጣች ናት፤ ሌላዋ እዚያው መኪና ውስጥ የተዋወቀቻት የሞጣ ነጋዴ።

«ታዲያ የቴሌግራም ጓደኛሽን ቢቸና አገኘሽው?» አለች ነጋዴዋ።

«አገኘሁት... አገኘኋቸው።»

«ብዙ ናቸው እንዴ?»

«የለም እቴ፣ አንድ ሰው ናቸው። ግን ሽማግሌ ናቸው! ከነጋቢያቸው፣ ከነከዘራቸው።»

«ያ ረቢ! ፎቷቸውን አላየሽም ነበር?»

«ፎቶው አበባ ነው። ዕድሜውን ስጠይቀው ‹የቢቸና ልጅ ነኝ› ነው ያለኝ። እዚያ አገር ብቸኝነቱ ሲበረታብኝ የሚያስቀኝ እሱ ብቻ ነበር። አንተ ቀላማጅ፣ አንተ ውሸታም ስለው ኖርኩ።»

«ሲያዩሽስ?»

«እኔ ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል፣ እሳቸው ሊያቅፉኝ ብድግ አሉ። ጭንቅላቴ አገጫቸውን መታው።»

«ወይ ጉድ!»

«ከዚያ ወሬ ጠፋ። አንቱ ስላቸው ከፋቸው፤ አንተ እንዳልል አፌ እምቢ አለኝ። ጓደኛዬ የሞተብኝ መስሎኝ እንባዬ መጣ።»

«ታዲያ እንዴት ሆናችሁ?»

«ስልኬ ጮኸ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ‹አንቺ ቀላማጅ፣ ዛሬ ምን ዘጋሽ?› ብለው ጽፈውልኛል።»

«አንቺስ?»

«‹አንተ ውሸታም፣ ሽማግሌ መሆንህን መቼ ነገርከኝ?› ብዬ መለስኩ። ከዚያማ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠን በስልክ ስንጻጻፍና ስንስቅ ዋልን።»

እኔም ከኋላ ሆኜ ስልኬን አወጣሁና፣ መልካቸውን ሳላይ «አንተ» እያልኩ የምጽፍላቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።