በእህት ደብተር

ሳይጠየቅ ምክር መስጠት የሚወድ ሰው ለሰፈር መከራ ነው፤ እኔም እንደዚያ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ አፌ እኔ ጡረታ ስወጣ እሱ አልወጣም ብሎኛል። የዚያን ዕለት ዓርብ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከቤት የወጣሁት ማንንም ልመክር ሳይሆን የእጅ ሰዓቴን ባትሪ ላስቀይር ነበር።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ በመድኃኒት ቤቱና በስልክ ጠጋኙ መካከል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። ሰውዬው በምሳ ሰዓት እንኳ አይዘጉም። ያን ቀን የቆርቆሮው መዝጊያ እስከ ጉልበት ወርዷል፤ ከውስጥ ግን የሁለት ሰው ክርክር ይሰማል። ጎንበስ ብዬ "ቤቶች፣ ደኅና ናችሁ?" ስል ክርክሩ ቀጥ አለ።

"ማን ነው?" አሉ ሰዓት ሠሪው። ድምፃቸው እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም።

"እኔ ነኝ፣ መምህሩ።"

"ብቻዎን ነዎት?"

"ከማን ጋር ልሆን ኖሯል?"

"ከኋላዎ ቦርሳ የያዘ ሰው የለም?"

ዞር ብዬ አየሁ። አንዲት ድመት ብቻ ነበረች፤ እሷም ቦርሳ አልያዘችም። ይህንኑ ነግሬያቸው በመዝጊያው ሥር ሾልኬ ገባሁ።

ሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የእህታቸው ልጅ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ቆማለች። በጎረቤቱ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ በልጅነቷ እኔ ያስተማርኳት፣ ዛሬ ደግሞ ኪኒኔን በሰዓቱ አልዋጡም ብላ እሷ የምትቆጣኝ ልጅ ናት። እጇ ላይ ደብዳቤ ይዛለች።

"እንኳን መጡ መምህር" አለች። "እርስዎ ይፍረዱን።"

"የቤት ጉዳይ ነው፤ ፍርድ አያስፈልገውም" አሉ አጎቷ።

"የቤት ጉዳይ ቢሆንማ እናቴም ታውቀው ነበር!"

ደብዳቤውን ተቀብዬ አነበብኩት። ከሆስፒታል ለእናቷ የተጻፈ ነው። እናቷ የሰዓት ሠሪው ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገቢ የሌላቸው ሴት ሲሆኑ፣ ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰኞና ሐሙስ አራት አራት ሰዓት ደማቸውን በሚያጥብ ማሽን ላይ ይውላሉ፤ የሚታከሙትም በነፃ ነው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ በስምዎ ባለው የባንክ ሂሳብ ላለፉት አሥራ አራት ወራት ገንዘብ ሲገባ ተገኝቷል፤ ምንጩን በአሥር ቀን ውስጥ ካላስረዱ ነፃ ሕክምናው ይቋረጣል።

"ገንዘቡ የማን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ልጅቱ አጎቷን አየች። አጎቷ ወለሉን አዩ።

"የእኔ ነው" አሉ በመጨረሻ። "የእጄ ነው መምህር። ሰዓት ስፈታ፣ ሳጸዳ፣ ስገጥም በስልክ እቀርጽና ኢንተርኔት ላይ እለቀዋለሁ። ፊቴ አይታይ፣ ድምፄ አይሰማ፤ እጄ ብቻ ነው። ባሕር ማዶ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ሁሉ ያንን እያየ ነው አሉ የሚተኛው። ስንት ሰው ይመስልዎታል? መቶ ሺህ አልፏል!"

በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል ትንሽ ኩራት ብቅ ብላ ተመለሰች። በቪዲዮው መሐል ከሚገባው ማስታወቂያ በየወሩ የሚደርሳቸውን ሲነግሩኝ የጡረታዬን ሦስት እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። አልዋሽም፣ ቀናሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሳስተኛ አንድም ቀን ተጨማሪ የከፈለኝ የለም።

"ታዲያ በራስዎ ስም አይቀበሉትም ነበር?"

"በስሜ ከገባ ግብር ያመጣብኛል። ሱቄን ያውቋታል። እትዬ ግን ምንም የላትም። የደሃ ደብተር ማን ያያል ብዬ፣ ድሮ በሰጠችኝ ውክልና በእሷ ስም አደረግሁት።"

"የሚታየውማ የደሃ ደብተር ነው!" አለች ልጅቱ። "ነፃ የሚታከም ሰው ገቢው ከዘንድሮ ጀምሮ በየስድስት ወሩ ይጣራል። ሀብታሙን ማን በየስድስት ወሩ ያጣራዋል? መርጠው መርጠው፣ መንግሥት ዓይኑን የማይነቅልበትን ደብተር አገኙ! እሱስ ይሁን፤ ደብዳቤው ከመጣ ሰባት ቀኑ ነው። የእናቴ ቤት ፖስታ አይደርሰውም ብለን የዚህን ሱቅ አድራሻ ብንሰጥ፣ ከተበላሹ ሰዓቶች ሳጥን ሥር ሸሽገውት ከረሙ። ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉ ጸሐፊ ባትደውልልኝ፣ ሰኞ እናቴን ይዤ በር ላይ ነበር የምሰማው።"

ሰኞ ቀነ ገደቡ ያልቃል። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ የለም። የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብዬ አየሁ፤ መሥሪያ ቤት ሊዘጋ የቀረው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

"ዘዴ አለኝ" አሉ ሰዓት ሠሪው። "ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ እየረዳኝ ነው ትበል። አለቀ።"

"ረጂ ካላት ነፃው ሕክምና ይቀራላ፣ አጎቴ! የሚሻለው አንድ ነገር ነው። ገቢዎች ቢሮ ሄደው 'የእኔ ነው' ይበሉ፤ የሚሰጡዎትን ወረቀት ይዘን ወደ ሆስፒታሉ እንሄዳለን።"

"በገዛ እግሬ ሄጄ እጄን ልስጥ? ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁበትን ሱቅ ቢያሽጉብኝስ? ደግሞስ ግብሩ ለምን? ከዚህ አገር ሰው አንዲት ሳንቲም አልወሰድሁም። የማላውቀው ሰው በማላውቀው አገር ተኛ፤ ለእኔ ገንዘብ መጣልኝ። ከሰማይ ለወረደ ዝናብ ማን ግብር ይከፍላል?"

"ዝናብ አይደለም፤ ሥራ ነው። አንድ ቪዲዮ ለመቅረጽ ሁለት ቀን ጎንበስ ብለው ይውሉ የለ? በዚህ ሱቅ ለሚጠግኑት ሰዓት ግብር ይከፍላሉ። ያው እጅ፣ ያው ወረንጦ፣ ያው በርጩማ። የሚያየው ሰው ሩቅ ስለሆነ ሥራነቱ ቀረ?"

"ከፍዬስ? የሚበላው ይበላዋል። ያንን መንገድ አታይም? ጉድጓዱ ስንት ዓመቱ ነው?"

እዚህ ላይ አፌ አላስችል አለው። "ልክ ነዎት፤ የሚበላ አለ" አልኳቸው። "ጉድጓዱንም በየቀኑ እዘልለዋለሁ። ግን እርስዎ የት ቆመው ይጠይቃሉ? ቦርሳ የያዘ ሰው ባለፈ ቁጥር ግብር ሰብሳቢ መጣ ብሎ መዝጊያ የሚያወርድ ሰው 'ገንዘቤን ምን አደረጋችሁት?' ብሎ ሊጮህ ይችላል? ደረሰኝ የያዘ ነው የሚጮኸው።"

"እርስዎ ጡረተኛ ነዎት፤ ለእርስዎ ቀላል ነው።"

"ቀላል አልነበረም። ደመወዜ እጄ ሳይገባ ነበር የሚቆረጠው፤ በየወሩ እያጉረመረምኩ ነው የኖርኩት።"

እሳቸው ግን ከሐሳባቸው አልተመለሱም። ልጅቱም ቁጣዋ ሲያልቅባት ታየኝ። በትርፍ በርጩማዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አጎቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተው የለ? ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ" አለች። "እናቴ ሕክምናውን ካቋረጠች ከሳምንት፣ ቢበዛ ከሁለት ሳምንት በላይ አትቆይም።"

ሰዓት ሠሪው ወረንጦውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ያነሡት መቶ ሺህ ሰው የሚያስተኙት ጣቶች ናቸው።

"እሺ፣ ነፃው ይቅር" አሉ። "እኔው ልክፈልላት። አንዱ ቀን ስንት ነው?"

ልጅቱ ነገረቻቸው። ከቪዲዮው በወር የሚያገኙት ገንዘብ የአንዱን ቀን ሕክምና ችሎ ጥቂት ነበር የሚተርፈው።

"በወር ስንት ጊዜ ነው የምትታከመው?"

"ስምንቴ።"

"የእኔ ሁሉ ተሰብስቦ አንዱን ነው የሚችለው" አሉ ቀስ ብለው። "እስከ ዛሬ ስምንቱን ማን ሲከፍል ኖሯል?"

እኔና ልጅቱ ተያየን። "እኔ አለሁበት" አልኩ፤ "ስልክ ጠጋኙ አለበት፤ ሱቅዎ ፊት አትክልት የምትሸጠውም ሴትዮ በየዓመቱ የምትከፍላት ትንሿ ነገር አለችበት።"

"አትክልት ሻጯ የእኔን እህት ታሳክማለች፤ እኔ ግን…" ብለው ተነሡ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው ማውለቅ እንኳ ረስተው መዝጊያውን ወደ ላይ ገፉት።

ገቢዎች ቢሮ ስንደርስ ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰዓት ሠሪው ዘበኛውን ባዩ ቁጥር እጄን ጭብጥ ያደርጉኛል፤ ወረንጦ የለመደ እጅ ደግሞ ያማል። ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ሳትል "የሥራው ዓይነት?" አለች።

"ሰው ማስተኛት" አሏት።

ያን ጊዜ ቀና አለች። ልጅቱ ጣልቃ ገብታ ባታስረዳልን ኖሮ ነገሩ ወዴት ይሄድ እንደነበር አላውቅም። ሠራተኛዋ ሳቋን ይዛ ጻፈች፤ የአሥራ አራቱን ወር ገቢ ደመረች። ራሱ መጥቶ ላስመዘገበ ሰው ቅጣቱ እንደሚቀነስ፣ ውዝፉም በአሥራ ሁለት ወር ተከፋፍሎ እንደሚከፈል ነገረችን። የሱቁን መታሸግ ያነሣ ማንም የለም። ሰዓት ሠሪው ግን እፎይ ከማለታቸው "የሂሳቡ ባለቤት ግን ገንዘቡ የእሳቸው አለመሆኑን ፈርመው ማረጋገጥ አለባቸው" ብላ ምዝገባውን ከሚያስረዳው ወረቀት ጋር ቅጽ ሰጠቻቸው።

ከዚያ ወደ እህትየው ቤት ያለው መንገድ ወደ ገቢዎች ቢሮ ከሄድንበትም የከበደ ነበር። እህትየው አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለው አገኘናቸው። ወንድማቸው ሁሉንም ተናገሩ፤ የሰባቱን ቀን ዝምታም አልደበቁም። እህትየው አልተቆጡም፣ አልመረቁምም። "አንብቢልኝ" አሉ ልጃቸውን። ካነበበችላቸው በኋላ ፈረሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሰኞ ማለዳ ወረቀቱን ለሆስፒታሉ አስገባን። ጸሐፊዋ ተቀብላ ማኅተም መታችበት፤ ግን ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ማክሰኞ ከሰዓት ነው፤ እስኪወስን ድረስ ደግሞ ነፃው ሕክምና ይቆማል። ማሽኑ ዝግጁ ሆኖ፣ ነርሷ እያዘነች፣ እህትየውን መለሰቻቸው። ደብዳቤው በመጣ ዕለት ቢታይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሰባቱን ቀን ሳስብ ዛሬም ያናድደኛል።

እነዚያን ሁለት ቀናት አልረሳቸውም። ማክሰኞ ጠዋት የእህትየው እግር ጫማ አልገባም አለ። ከሰዓት በኋላ ሲተኙ ትንፋሻቸው እያጠራቸው ተቀምጠው ዋሉ። ሰዓት ሠሪው በአልጋው ግርጌ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ልጅቱ በየሰዓቱ ደም ግፊት ስትለካ ቁጥሩን ይጠይቃሉ፤ ነግራቸውም መልሰው ይጠይቃሉ። ሱቁ ተዘግቶ ዋለ። እኔም መካሪው የምለው አጥቼ ሻይ አፈላለሁ፤ ማንም አይጠጣውም።

ረቡዕ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ኮሚቴው ገንዘቡ የሌላ ሰው መሆኑን ተቀብሎ ነፃው ሕክምና እንዲቀጥል ወስኗል።

ያኑ ዕለት እህትየው ማሽኑ ላይ ሳሉ እኔና ሰዓት ሠሪው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ስልካቸው ጠራ። ስልክ ጠጋኙ ነበር፤ እሱም ለካ በኢንተርኔት ጥገና እያስተማረ በአማቱ ስም ገንዘብ ይቀበላል። ሰዓት ሠሪው ይመክሩት ጀመር፤ እኔ በቅናት አዳመጥኩ።

"ስማኝ ልጄ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እኔም አሥራ አራት ወር ሙሉ ስስቅ ነበር። አሁን በስሜ ደብተር ከፍቻለሁ። ዕዳ አለብኝ፣ አልዋሽህም፤ ዓመት ሙሉ እከፍለዋለሁ። ግን ባንክ ብድር ብጠይቅ የማሳየው ገቢ አለኝ። ነገ ብሞት ገንዘቤ የማን ነው ብለው የሚጣሉ ዘመዶች የሉም። ሰው ሱቄ ሲገባ ደግሞ እጁን ማየት ትቻለሁ፤ ፊቱን ነው የማየው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ስለዚህ ወረቀቱ እውነቱን ይያዝልህ። ሂድ፣ ዛሬውኑ ሂድ። የአማትህን ደብተር ማን እንደሚያየው አታውቅም።"

ከአራት ሰዓት በኋላ እህትየው በተሽከርካሪ ወንበር ወጡ። ፊታቸው ቀልሏል። ሰዓት ሠሪው ተነሥተው ጎንበስ አሉ። እህትየው ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው አናገሯቸው።

"ገንዘቡን ብትነግረኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወንድሜ ሀብታም ሆነ ብዬ እኮራ ነበር" አሉ። "ሁለተኛ ግን በስሜ አትደበቅ። ስሜ እኔን ብቻ ነው የሚችለው።"