ጥፊ የተመኘሁበት ቀን

መሐል ሜዳ የዓይን ነርስ ሳለሁ ጋሽ ደምሴ ሚስታቸውን እትዬ በላይነሽን ይዘው መጡ። «ገብስ ስንወቃ እብቅ ገብቶባት ሦስት ቀን አለቀሰች። የእኔ ቀኝ ዓይን እብቅ ቢሞላበት እንኳ አይርገበገብም» አሉ፣ ስብሰባ እንደሚመራ ካድሬ ደረታቸውን ነፍተው። የእትዬን ብሌን በቀጭን ጥጥ ነካ ሳደርግ እሳቸው ደንግጠው በጥፊ አጮሉኝ።

ጉንጬን ይዤ «የእርስዎ ዓይን ደህና ነው» አልኳቸው እትዬን። የጋሽ ደምሴን ቀኝ ዓይን በዚያው ጥጥ ስነካ ግን ሳይርገበገብ ፈገግ እንዳሉ ቀሩ። «በሽተኛው እርስዎ ነዎት። ሕመም የሚሰማው ነርቭ ብሌኑን ይጠብቃል፤ ይመግበዋልም። እሱ ከደነዘዘ ቁስሉ ሳይሰማዎት ዓይንዎ ይጠፋል» አልኳቸው።

ጋሽ ደምሴ «እስቲ ድገመው» ብለው መዳፋቸውን ለጥፊ አዘጋጁ።

ደገምኩት። እንደዚያ ቀን ጥፊ ተመኝቼ አላውቅም።