የስኳር ኪኒን ለአከራይ

ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ጓደኛሞች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የመድኃኒት ካርቶን ይዛለች።

«ወር አበባዬ ቀረ ብዬ ብሄድ የስኳር ኪኒን ሰጡኝ። ስኳር የለብኝም እኮ።»

«እና ምን ልታደርጊው ነው?»

«ለአከራዬ እሰጣቸዋለሁ። እሳቸው ስኳር አለባቸው።»

«ውሃ ዘጉብኝ ስትይ አልነበር? በኪኒን ልትበቀያቸው ነው?»

አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት ሴት ዞር አለች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ችግሩ ኦቫሪሽ ላይ ነው አሉሽ?»

«አዎ። ፂምም እያበቀልኩ ነው በቃ።»

«እኔም እንደዛው ነበርኩ። ማለቴ፣ ስኳርሽ ደህና ቢሆንም ሰውነትሽ ኢንሱሊኑን አልሰማ ይላል። ስለዚህ አብዝቶ ያመርታል። የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ ኦቫሪውን ይረብሸዋል፤ የወንድ ሆርሞን ይጨምራል፣ እንቁላሉም በጊዜው አይወጣም። ኪኒኑ ለዚያ ነው።»

«አንቺስ ወር አበባሽ መጣልሽ?»

«ቆይቶ መጣ። ከምግብ ጋር ዋጪው፣ ሆድ ይረብሻል።»

«ልጅስ እወልዳለሁ?»

«እሱን ሐኪምሽን ጠይቂ። ኪኒኑን ለአከራይሽ ከሰጠሽ ግን የሚወልዱት እሳቸው ናቸው።»

ሦስቱም ሳቁ፤ ልጅቷም ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እህቴ ከሞተች አርባዋ እንኳ ገና አልወጣም፤ እኔም ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ድምፅ ሳላሰማ አብሬያቸው ሳቅኩ።