የሽፋሽፍት ቅንቅን

(ረፋዱ ላይ፣ በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል የዓይን ክፍል፤ ርብቃ ለዓይን ስፔሻሊስትነት የምትማር የመጨረሻ ዓመት ሬዚደንት ሐኪም ናት፣ ዶክተር ጥበበ የመመረቂያ ጥናቷን የሚያጸድቁ አማካሪዋ፤ በመካከላቸው ማይክሮስኮፕ የተቀመጠበት ጠረጴዛ አለ።)

ዶ/ር ጥበበ፦ አልፈርምም አልኩሽ እኮ! ሰው በዓይን ሞራ እየታወረ አንቺ የሽፋሽፍት ቅንቅን ልትቆጥሪ? ቅንቅን የዶሮ ነው፤ የእንስሳት ሕክምና ሂጂና አመልክቺ።

ርብቃ፦ የዓይን ሞራማ የሚያጠናው ሞልቷል፣ ዶክተር። አምና ከተመረቁት ሰባት ሬዚደንቶች አምስቱ እሱኑ ነው የጻፉት። ያውም አንዱ ከሌላው እየገለበጠ።

ዶ/ር ጥበበ፦ ምላስሽን ሰብስቢ። ደግሞ ይሄ በጥናትሽ ላይ «የምርምር አዝማሚያ» የምትዪው ምንድን ነው? ሰው የጻፈውን መደርደር ጥናት ሆነ?

ርብቃ፦ የሃያ ዓመት ጽሑፍ አንድ በአንድ አየሁ። መጀመሪያ «ይህች ተባይ የዓይን ቆብ ታስቆጣለች ወይስ ዝም ብላ ነዋሪ ናት?» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ቀጥሎ ቆቡን ተባይ በሚያጠፋ የዛፍ ዘይት ማጠብ መጣ። አሁን ደግሞ ወሬው ሁሉ እሷኑ ስለሚገድል ጠብታ ነው። በየዓመቱ የሚጻፈው እየበዛ ነው።

ዶ/ር ጥበበ፦ ይበዛላ! መድኃኒት ሻጭ ባለበት ጽሑፍ መች ይጠፋል? አዲስ ጠብታ ሲወጣ አዲስ በሽታ ይፈለግለታል። አንቺም ሳይከፍሉሽ ልታስተዋውቂላቸው ነው።

ርብቃ፦ እሱንም ጽፌዋለሁ። ገጽ ዘጠኝ ላይ የትኛው ጥናት በማን ድጋፍ እንደተሠራ ለይቻለሁ። ቢያነቡት ያገኙት ነበር።

ዶ/ር ጥበበ፦ አንብቤዋለሁ!

ርብቃ፦ ጥናቱን የከተትኩበት ፖስታ እንኳ አልተከፈተም፣ ዶክተር። ይኸው እንደሰጠሁዎት።

ዶ/ር ጥበበ፦ እሺ፣ ይሁን። ይህቺ ተባይ በአንቺም በእኔም ሽፋሽፍት ላይ አለች፤ ዕድሜ ሲገፋ ትበዛለች። ታዲያ ሁላችንም በሽተኞች ነን?

ርብቃ፦ አይደለንም። ስንት ሲሆኑ ነው የሚያሳምሙት? ጥያቄው እሱ ነው። በእኛ ታካሚዎች ላይ ቆጥሮ የጻፈ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ወይዘሮ አልጋነሽን ያስታውሷቸዋል?

ዶ/ር ጥበበ፦ በቀን ስልሳ ሰው እያየሁ ማንን ላስታውስ?

ርብቃ፦ ጥልፍ ሠሪዋ። አራት ዓመት ተመላልሰዋል። የዓይን ቆባቸው ይቀላል፣ ያሳክካቸዋል፣ ጠዋት ጠዋት ዓይናቸው ይጣበቃል። እርስዎ ያንኑ ቅባት ስድስት ጊዜ አዘዙላቸው። መርፌ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ሥራ አቆሙ። ከዚያ በፊትም አብረዋቸው የሚሠሩት ሴቶች «ይጋባብናል» ብለው ወንበራቸውን አርቀውባቸው ነበር።

ዶ/ር ጥበበ፦ አሃ፣ ሽፋሽፍቷ ፎረፎር የለበሰው ሴትዮ! ንጽሕና የላትም። ፊትሽን ታጠቢ ብያታለሁ።

ርብቃ፦ በሰልፈኛው ሁሉ ፊት ነው ያሏቸው። እሳቸውም ቆባቸው እስኪላጥ በልብስ ሳሙና ይፈትጉት ጀመር። ዛሬ ጠዋት አራት ሽፋሽፍት ነቀልኩላቸው። ይኸው፣ ይመልከቱ።

ዶ/ር ጥበበ፦ ምኑን ነው የምመለከተው? አቧራ ነው።

ርብቃ፦ አቧራ እግር የለውም። ወደ ሥሩ ዝቅ ይበሉ።

ዶ/ር ጥበበ፦ ቆይ... ይህቺ ትንቀሳቀሳለች እንዴ?

ርብቃ፦ ይቁጠሩ እንጂ። እኔን ዶሮ ቤት ከመስደድዎ በፊት።

ዶ/ር ጥበበ፦ ሦስት... አራት... አምስት። በአንድ ሽፋሽፍት?

ርብቃ፦ በአራቱ አሥራ ሰባት። ፎረፎር ያሉት የእነሱ ጥራጊ ነው፤ ፊት በመታጠብ አይለቅም።

ዶ/ር ጥበበ፦ አራት ዓመት ሙሉ... አንድ ሽፋሽፍት መንቀል ነበር እኮ።

ርብቃ፦ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ዶ/ር ጥበበ፦ በቃ፣ አትወጊኝ። እስክሪብቶሽን አምጪ። ይኸው ፈረምኩ፤ ደስ አለሽ? አሁን ሴትዮዋን አስገቢያት፣ እኔው ልያት።

ርብቃ፦ ውጪ ተቀምጠዋል፤ ግን አይገቡም። «ያ ሰውዬ ካለ በሩን አልረግጥም» ብለዋል።

ዶ/ር ጥበበ፦ እንዲህ አለች? ... እንግዲያው እኔ እወጣለሁ።

ርብቃ፦ ይቅርታ ሊጠይቋቸው ከሆነ ይውጡ። ሊመረምሯቸው ከሆነ ግን፣ ሐኪማቸው እኔ ነኝ።