በርሜሉን የከደነው አማቼ ስላለመሆኑ

የምስክሯ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «እትዬ ዝምታ»
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ አትክልት ንግድ
አድራሻ፦ ከተጠርጣሪው ጋር አንድ ግቢ
ዝምድና፦ የተጠርጣሪው ሚስት እናት
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ከቀኑ 5 ሰዓት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ እውነቱን ብቻ እንድናገር ተነግሮኝ፣ ድሮም ሌላ እንደማላውቅ ገልጬ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ።

ተጠርጣሪው አማቼ ነው፤ ልጄ ተብሎ ቢጻፍም አልቃወምም። ከመደቤ የሚተርፈውን ጎመን፣ የካሮት ቅጠልና የላሸቀ ቲማቲም ማታ ማታ ተሸክሞልኝ ይመጣል። ይከትፈዋል፣ ይቀቅለዋል፣ ሲበርድ በርሜል ውስጥ ከደህና አፈር ያወጣቸውን ባክቴሪያዎች ይለቅበታል። እነሱም ቅቅሉን በልተው ይባዛሉ፤ ውሃው ለገበሬ ማዳበሪያ ይሆናል። የበርሜሉን አፍ የሚያስረው በስስ ጨርቅ ብቻ ነው። «እማማ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል» ይለኛል። አንዴ ብርድ ሲሆን የእኔን ብርድ ልብስ አልብሷቸው አገኘሁት። ተቆጣሁት፤ ግን መልሼ አልወሰድኩም።

ትናንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ካለው በርሜል ከፍተኛ ድምፅ ተሰማ። ክዳኑ ተስፈንጥሮ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን መስኮት ሰበረ፤ ለሙሽራ የተሰፋ ነጭ ቀሚስም የጎመን አተላ ለበሰ። ልብስ ሰፊው ፈንጂ ነው ብሎ ፖሊስ ጠራ። አልፈርድበትም፤ እኔም መሬት ላይ ተኝቼ ነበር። ፖሊሶች ማን እንደከደነው ሲጠይቁ፣ አማቼ ሚስቱን አየት አድርጎ «እኔ ነኝ» አለ።

ውሸቱን ነው። ሲዋሽ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው፤ ደግሞም አያውቅበትም፣ ጆሮው ይቀላል። ቅዳሜ ማዳበሪያ ይዞ ገበሬዎች ዘንድ ሄዶ፣ ትናንት ሲመለስ ፖሊስ ግቢው ውስጥ ጠበቀው።

የከደነችው ልጄ ናት። እሁድ ክዳኑን ስታጠብቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያፈነዳውም ውስጥ የታፈነው ትንፋሻቸው ነው። «ተይ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል» ብላት «ለእኔስ ማን አዘነ?» ብላ አለቀሰች። ትናንት ማታ ጣቢያ ምግብ ሳደርስለት አማቼ «ሥራዬ አስመርሯታል መሰለኝ፣ ከወጣሁ በርሜሎቹን እሸጣለሁ» አለኝ። አንጀቴን በላው።

ሥራውን ጠልታ አይደለም፤ አርግዛ ነው። ሽታ አልስማማ ብሏት ሳሙና እንኳ ያስመልሳታል። ሐኪም ሳያረጋግጥ አልነግረውም ስላለች ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር። ዛሬ ጠዋት ተረጋገጠ። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቀውኝ፣ ጉዳዩ እኮ ይኸው ነው ስል መልሻለሁ። ከልብስ ሰፊው ጋር በመስኮቱም በቀሚሱም ተስማምተናል።

ቃሌ ተነብቦልኝ አዳምጫለሁ፤ የጨመርኩት የለም፣ ያሳጠርኩት ግን ብዙ ነው። እውነት ስለመሆኑ እፈርማለሁ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል፦ ይህ ወረቀት ለአማቼ ከመነበቡ በፊት ልጄ ትግባ። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። አባት ሊሆን መሆኑን ከፖሊስ መስማት የለበትም።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________