የሻገተው ማሽላ

ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ በሚወርደው ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንድ አዛውንትና አንዲት የግብርና ባለሙያ ያወሩ ነበር።

«የሻገተ ማሽላ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይበላል፣ ልጄ?»

«ሻጋታው ቢለቅም መርዙ አይለቅም፣ አባቴ። ለከብትም አይስጡት። የዘንድሮውን ምርት በደንብ አድርቀው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ።»

«ክረምት የእህል ጉድጓዳችን ውሃ ገባበት። ባለቤቴ ደህና ደህናውን ለልጆቹ እየለየች፣ የሻገተውን እሷ ትበላው ነበር።»

«አሁን እንዴት ናቸው?»

«ጉበቷ ነው አሉን። በጥቅምት ቀበርናት።»

«ነፍስ ይማር። በሌላም ምክንያት ሊሆን ይችላል፣ አባቴ።»

«ማሽላውን ስትለይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ‹ጎበዝ፣ እህል አታባክኝም› እላት ነበር።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አልፌው ሄድኩ።