ጥያቄ የማያልፉት የሒሳብ መምህር

እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ሆሳዕና ከተማ፣ የትምህርት ቤታችን መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ለማስተርስ መግቢያ ፈተና የሒሳቡን ክፍል እለማመዳለሁ። ከሌሞ እስከ ሆመቾ ስንቱን ሒሳብ ያስተማሩት ጋሽ ማቴዎስ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። አንዱ ጥያቄ ሲከብደኝ ትቼው ወደሚቀጥለው አለፍኩ። አላስቻላቸውም። «ጥያቄ ተሠርቶ ሳያልቅ ይታለፋል እንዴ? ተይው ልጄ፣ ሒሳብ ለቋንቋ ሰው አይሆንም» አሉኝ። መምህራኑ ሳቁ።

ደሜ ፈላ። የመለማመጃውን ሌላ ኮፒ አቀበልኳቸውና «እንግዲያው ይቀመጡ፤ ሃያ ጥያቄ ነው፣ ያለን ግማሽ ሰዓት» ብዬ የስልኬን አላርም ሞላሁ። እሳቸው ሰሌዳ ላይ እንደለመዱት ቀመሩን ይጽፋሉ፣ ደረጃ በደረጃ ይወርዳሉ፣ መልሱን በማስመሪያ ሁለቴ ያሰምሩበታል። እኔ የቀለለኝን ሠርቼ፣ በከበደኝ ላይ ምልክት አድርጌ እያለፍኩ መጨረሻው ደረስኩና ወደተውኳቸው ተመለስኩ። አላርሙ ሲጮህ ጋሽ ማቴዎስ ሰባተኛው ላይ ነበሩ። እስከዚያ የሠሩት ከመልሱ ጋር ሲመሳከር አንድም ስህተት የለበትም። እኔ አምስት ስቻለሁ፣ አሥራ አምስት አግኝቻለሁ።

«ቆይ፣ ይቺን ብቻ ልጨርሳት» አሉ ቀና ሳይሉ።

ወረቀቱን ከፊታቸው ሳብ አደረግኩት። «ሒሳቡን እርስዎ ይበልጡኛል ጋሽ ማቴዎስ። ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ግን የእኔ ወረቀት ነው» አልኳቸው።